የሻለቃው የጎራዴ ዘርፍ

የሳፋው ውሃ ቀላ። ኪኑዬ እጇን አወጣችና ጎንበስ ብላ አየች። ቡናማው የሐር ዘርፍ ከታች ተኝቷል፤ ቀዩ ገጹ ግን ተላቆ እንደ ቲማቲም ልጣጭ ለብቻው ይንሳፈፋል። ከሥሩ የወጣው ሰማያዊ ነበር።

የባሏ አባት ጎራዴ ራሱ ጦርነቱ ሲያበቃ ለአሸናፊዎቹ ተሰጥቷል። ከእጀታው ይንጠለጠል የነበረው ዘርፍ ግን በአባቶች መሠዊያ ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቤቱን ሲገዛ ኖሯል። በዚያ ዘመን ጦር የመኮንን ዘርፍ አንድ ገጹ ቡናማ ነው፤ ሌላው ገጹ ቀይ ከሆነ የሻለቃና የበላዮቹ ነበር፤ ሰማያዊ ደግሞ የሻምበልና የመቶ አለቃ። ስለዚህ ቤቱ የሻለቃው ቤት ተባለ። ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው የአኩሪ አተር አይብ፣ የቶፉ ሻጭ ልጅ የሆነችው ኪኑዬም ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ይኸንኑ ስትሰማ አረጀች። ሩዝ ቢያርባት፣ “በሻለቃ ቤት ሩዝ አያርም።” ብታስነጥስ፣ “በሻለቃ ቤት እንዲህ አይነጠስም።”

ባለፈው ወር ተራው የልጇ የማዩሚ ሆነ። ማዩሚ ልታገባው ያሰበችው ኬንጂ ከወደቡ አሣ የሚጭን መኪና ሹፌር ነው፤ ያውም አንዴ አግብቶ የፈታ። የኪኑዬ ባል የማሳኦ ታላቅ እህት፣ የሐኪም ሚስት የሆነችው ሂሮኮ፣ “የአሣ ሽታ በዚህ በር አይገባም” አለች። ማሳኦም ሰርጉ ላይ እንደማይገኝ ለልጁ በስልክ ነገራት። ሰባውን ያለፈ ሰው ነው፤ እህቱ ሳትፈቅድለት ግን ጥፍሩን አይቆርጥም።

ዛሬ የሻለቃው ሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ዘመድ ሁሉ ይመጣል፤ ማዩሚም ብቻዋን ትምጣ ተብላለች። ኪኑዬ በጠዋት፣ “አሮጌ ሐር ውሃ አይወድም፣ በብሩሽ ላራግፈው” ብላ ነበር። ሂሮኮ ግን “የቶፉ ቤት ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የምትፈራው? እጠቢው!” አለቻት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

“ገና ነው እንዴ? ጸሎት የሚያደርሱት መነኩሴ መንገድ ላይ ናቸው!” እያለች ሂሮኮ ወደ ማድቤት ገባች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ዕንቁዋን አንገቷ ላይ ደርድራለች። ሳፋውን አየች። ኪኑዬ ጩኸት ስትጠብቅ፣ ሂሮኮ ዞር ብላ በሩን ዘጋችው።

“ስፊው።”

“ምኑን?”

“ቀዩን ነዋ! አትጃጃይ። አድርቂና መልሰሽ ስፊው። ስፌቱ እንደ እማዬ ደቃቅ ይሁን።”

ኪኑዬ ጨርቁን አነሳች። የአሮጌ ኪሞኖ ገበር ነው። የመርፌውን ፈለግም አወቀችው፤ እንዲያ አድርጋ መስፋት እስክትችል ድረስ አማቷ ጣቷን በማስመሪያ ስትመታት ኖራለች።

“እርስዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው?”

“ለእኔ ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ነው የሰፋችው። ክሩን በመርፌ ያስገባሁላት ራሴ ነኝ። የሐኪም ቤት የመቶ አለቃ ልጅ ይወስዳል?”

“ሻምበል እንኳ አልነበሩም?”

“የፈረስ መኖ ነበር የሚያድለው” አለች ሂሮኮ፣ ሽታ እንደሸተታት ሁሉ አፍንጫዋን ነፍታ።

“እና እናትዎ ይኸን ሲሰፉ አባትዎ ምን አሉ?”

“ጋዜጣ እያነበበ ነበር።”

ኪኑዬ ሳቋ አመለጣት። “የፈረሱን መኖስ ማን ያመላልሰው ነበር፣ እትዬ? ሹፌር አይደል?”

ማሳኦ በሩን ከፈተ። “ምን ትንሾካሾካላችሁ?” ዓይኑ ሳፋው ላይ አረፈ። “ይኼ . . . ሰማያዊ ነው።”

“ቀለሙ ለቆ ነው” አለች እህቱ።

ማሳኦ ሰማያዊውን አየ፣ እህቱን አየ፣ እንደገና ሰማያዊውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“አዎ፣ ለቆ ነው። በቃ ስፊው፣ ኪኑዬ፤ ሰው ሊመጣ ነው።”

ኪኑዬ ሂሮኮን ንቃታለች፤ ባሏን ግን ይበልጥ ናቀችው። እህቱስ በውሸቱ ባል አግኝታበታለች። እሱ በነፃ ነው የሚሸከመው።

“ብሰፋው የማዩሚ ሰርግ ላይ ትገኛለህ?” አለችው።

ማሳኦ መልሱን ፍለጋ ወደ እህቱ ዞረ።

“የሻለቃ ቤት ቃሉን አያጥፍም” አለች ሂሮኮ። ይኸን ያለችው ሰማያዊው ዘርፍ ከፊቷ ሳፋ ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ኪኑዬ ሽርጧ ላይ ሰክታው የነበረውን መርፌ ነቀለችና ወደ ክር ሣጥኑ መለሰችው። ዘርፉን አንስታ እንደ አባቷ የቶፉ ጨርቅ ቀስ አድርጋ ጨመቀችው።

“ለማዩሚ ደውልላት” አለችው ባሏን። “ኬንጂን ይዛ ትምጣ። በፊት በር።”

“ኪኑዬ፣ አሁን እኮ . . .”

“ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ።”

በጓሮ ወጥታ ወደ ግቢው በር ዞረች። ሂሮኮ እንግዳ ሳይመጣ አውርጂው ያለቻት ልብስ ገና ማስጫው ላይ ነው። ዘርፉን በማሳኦ ካልሲዎች መካከል ሰቀለችው።

“አብደሻል?” ሂሮኮ በመስኮት ብቅ አለች። “እዚያ በሩ ላይ?”

“እርጥብ ነው፣ እትዬ። ይታጠብ ያሉት እርስዎ ነዎት።”

ከመንገዱ ጫፍ የመነኩሴው ታክሲ ብቅ አለ፤ ኋላው የዘመዶች መኪና ተከትሎታል። ነፋሱ ዘርፉን ገለበጠና ቡናማውን ገጽ ወደ ውጭ አዞረው። ኪኑዬ ሰማያዊውን መልሳ ወደ በሩ አዞረችና ሁለተኛ መቆንጠጫ ጨመረችበት።