መጣሁ ያልኩት

እና ደግሞ በመስታወት አድርገው ሰቅለውታል፣ ከልጃቸው ፎቶ ጎን፣ እኔ ሜዳሊያውን ስትሪትሃም ቤቴ የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ወሽቄ እማማ ዓይናዲስ አብሮት የመጣውን የምስክር ወረቀት እዚህ ከተማው ሌላ ጫፍ ኤድመንተን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ በባሕር ላይ ለፈጸመው ጀግንነት ይላል፣ መርከበኛ ወንድይራድ ይላል፣ አይ ወንድይራድ እላለሁ በልቤ፣ ሻይህን ጠጣ ዝም ብለህ።

ልጄ ብቻውን አልሞተም ይሉኛል። ንዋይ። ስሙን ያወቅኩት እንኳን ከሞተ በኋላ ነው፣ ጀልባቸው ሲገለበጥ የኛ መርከብ ቅርብ ነበረች፣ ዘለልኩ፣ መዝለሉንስ ዘልያለሁ፣ እሱና አንዲት ሴት አንድ ባዶ ጄሪካን ይዘው፣ ወንድሜ ድረስልኝ ሲለኝ በአማርኛ፣ ክው አልኩ፣ ሁለት ሰው መጎተት አልችልም፣ ሴትየዋ እጇ እየለቀቀ ነው፣ እሷን ያዝኩና መጣሁ አልኩት። መጣሁ። ጥዬው ስሄድ።

ስመለስ ጄሪካኑ ብቻ።

ሜዳሊያውን የሚሰጡት ሰዎች ሲጠይቁኝ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፣ ራኬብ የምትባል፣ እዚህ ያደገች፣ ምን አልከው ሲሉኝ መጣሁ አልኩት አልኩ፣ እሷም ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፣ መጥቻለሁ፣ ደርሼልሃለሁ፣ ምን ታድርግ፣ እየሄደ መጣሁ የሚል ከኛ ሌላ ማን አለ፣ እነሱም ደርሶለት እጁ ላይ አረፈ ብለው ጻፉና ቼክ አድርገህ ፈርም አሉኝ፣ ገብቶኛል፣ እንግሊዝኛው በደንብ ገብቶኛል፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ ገና አልወጣም። ፈረምኩ።

አሁን እሁድ ቸርች ወጥተህ መስክር ይሉኛል፣ በወንድሙ እጅ ላይ እንዳረፈ ሕዝቡ ይስማልኝ፣ ይሄን ወረቀት ካነበቡልኝ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ ልጄ፣ እንግዲህ ምን ልበል፣ እንቅልፋቸውን ልንጠቅ፣ ወይስ ማይክ ይዤ ልዋሽ፣ ባሕሩን ትቼ ሂትሮው ኤርፖርት ወለል ስወለውል ይረሳኛል ብዬ ነበር፣ አፍራለሁ፣ በቃ አፍራለሁ።

ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ልለውጥልህ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ፣ ወጥ ቤቱ በር ጋ ዞር ብለው፣ መጣሁ።

ይሄዳሉ። ጃኬቴ እዚያ መውጫው ጋ ነው፣ ሦስት እርምጃ፣ መውጣት እችላለሁ፣ ውሃው ወጥ ቤት መንተክተክ ይጀምራል፣ ዓይኔ ግን እሳቸው ከሄዱበት በር አይነሳም፣ ለካ መጣሁ የተባለ ሰው እንዲህ ነው የሚጠብቀው፣ አምኖ፣ ንዋይም እንዲህ እያየ ነበር፣ እኔ የሄድኩበትን፣ ስንት ደቂቃ። ሳህኑ ላይ ስኒው እየተንቀጫቀጨ ይመጣሉ፣ ተነስቼ እቀበላቸዋለሁ፣ እማማ ይቀመጡ እስቲ፣ እላቸዋለሁ፣ ልጅዎን መጣሁ ያልኩት ስሄድ ነው።