የጽዱ ከተማ ዳኛ

ባሊንኮሪግ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ በሰኔ ወር ደብተር ይዞ የሚዞር እንግዳ ሁሉ ዳኛ ነው። የጽዱ ከተሞች ውድድር ዳኛ ማንነቱን ሳይናገር ስለሚመጣ፣ ከተማዋ ወሩን ሙሉ ላገኘችው መንገደኛ ጥርሷን ስታሳይ ትሰነብታለች። በሌላው ወር ለእንግዳ ከዝናብ በቀር የምትሰጠው የላትም።

ስለዚህ አንድ ረጅም ሽበታም ሰውዬ ከአውቶቡስ ወርዶ ደብተሩን ሲያወጣ፣ ሥጋ ሻጩ ፌሊም እየሮጠ ወደ ከተማዋ የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር መጣ።

"ሊቀመንበር፣ መጣልሽ! በይ ተኳኳዪ!"

"አንተ ይልቅ ያን ደም የነካ ሽርጥ አውልቅ፤ ከተማውን ቄራ አስመሰልከው" አለችው ወይዘሮ ጊልሁሊ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሜዳሊያው በአንድ ነጥብ አምልጧታል፤ የዘንድሮው ካመለጣት የምትሞት ይመስላታል።

እንግዳውን ይዛ ዞረች። የጥንት መነኮሳት ከባሕር ወራሪዎች የተሸሸጉበትን የድንጋይ ግንብ አሳየችው፤ ሁለቱም እስከ አጥንታቸው በስብሰው ሳለ "ካፊያ ናት፣ አሁን ታባራለች" አለችው። ሰውዬው አንዲት ቃል አልጻፈም። ጭንቅ ያዛት።

ከመነኮሳይያቱ ገዳም አሮጌ አጥር ሥር ሲደርሱ ቆመ።

"ያላገቡ ልጃገረዶች የሚወልዱበት ቤት እዚህ ነበር አይደል?"

"ፈርሷል። አሁን መናፈሻ ነው።"

ከደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "እናቴን ፍለጋ ነው የመጣሁት። ኖራ ሙልቪ ትባላለች፤ ስትወልደኝ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያውቋት ይሆን?"

ወይዘሮ ጊልሁሊ ከወረቀቱ ላይ ከማግባቷ በፊት የነበረውን የራሷን ስም አነበበች። ሦስት ሳምንት አጥብታው ነበር የወሰዱባት። ሟች ባሏ እንኳ ይህን ሳያውቅ ነው የተቀበረው። ጆሮው ቁርጥ የአባቷ ነበር። ወደደችው፤ ስለወደደችውም እዚያው ጠላችው። ከመንገዱ ማዶ ፌሊም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ያያቸዋል።

"አውቃታለሁ" አለች። "ሞታለች።"

"መቼ?"

"እርስዎን በወሰዱበት ክረምት። ሳንባዋን ታማ።" በጣቷ ሣሩን አሳየችው። "ያን ጊዜ ያለ ስም ነበር የሚቀብሩት።"

ሰውዬው እርጥቡ ሣር ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆይቶ ቀና አለ።

"ትወደኝ ነበር?"

"ስለ እርስዎ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።"

እውነቷን ነው።

"አበባ ልተክልላት?"

"ዳኛው ሳያልፍ አይቻልም። ሣሩ ይበላሻል።"

እጇን በሁለት እጁ ያዘ። "በዚህ ጉዳይ ፊት ያላዞረብኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት" አላት። እጇን ቀድማ የመነጨቀችው እሷ ነበረች።

"ምን አለ? ወደደን?" አለ ፌሊም፣ ሰውዬው እንደሄደ መንገዱን ተሻግሮ።

"ዳኛ አይደለም።"

"ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር?"

"ስሸኘው" አለች፤ ከመንገዱ ዳር የአበባ ሳጥንም አረም መንቀል ጀመረች።

በዚያው ዓመት ሜዳሊያው ተገኘ። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ በየሰኔው እየመጣ ሣሩ ላይ የአበባ ማሰሮ ያስቀምጣል፤ እሷም በማግስቱ ማልዳ ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች። ዓመት ዞሮ ሲመለስ፣ ያምናው አበባ የት እንደገባ የሚጠይቀው እሷን ነው።

"ንፋስ ወስዶት ይሆናል" ትለዋለች።

እሱም ያምናታል።