ስንቅ የመሰለው ላፕቶፕ

ናዕማ ላፕቶፕዋን የምትጠቀልለው እንደ አራስ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ባትሪውን ከሥሩ ነቅላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ሌባ ቢወስደው እንኳ አብርቶ እንዳይሸጠው። ቀጥላ ላፕቶፑን በወፍራም ፎጣ፣ ፎጣውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በአሮጌ ሻርፕ ትጠቀልልና ዘንቢል ውስጥ ታጋድመዋለች። ቻርጀሩ ካልሲ ውስጥ ገብቶ ጥግ ይይዛል። ከላይ በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ ይደረጋል። ያያት ሁሉ ለእስረኛ ስንቅ የያዘች ይመስለዋል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው።

ዘዴው የእናቷ የሐጀራ ነው። ሐጀራ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ባላት ሱቅ ለጠያቂዎች ዘንቢልና ሰሃን ትሸጣለች፤ ይዘው መግባት የማይፈቀድላቸውን ስልክም በመሳቢያዋ ታስቀምጥላቸዋለች። አንድ ቀን ባቡር ላይ የናዕማን የላፕቶፕ ቦርሳ ሌባ በምላጭ ቀደደው፤ ላፕቶፑ የተረፈው ለጥቂት ነው። "ያንን ጥቁር ቦርሳ ጣይው" አለቻት እናቷ። "ኑና ውሰዱኝ እያለ ነው የሚጣራው። የእስረኛ ስንቅ ግን ሌባም አይነካውም፤ ነገ ለራሱ ያስፈልገዋላ።" ከሱቋም ቀይና ሰማያዊ መስመር ያለው ዘንቢል አውርዳ ሰጠቻት። የሰፈሩ ጠያቂ ሁሉ ያንኑ ዘንቢል ከእሷው ገዝቶ እንደሚዞር እናትም ልጅም አላሰቡትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ናዕማ ከገላን ኮንዶሚኒየም የተሳፈረችበት ታክሲ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት የመጨረሻው ቀን ነው። ፍላሽዋን ቫይረስ ስለበላው ጽሑፉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ የዘንድሮ ምረቃም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ዘንቢሉን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛ ተሳፋሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ትገረምማለች።

ያላስፈሯት አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ሴት ብቻ ናቸው። እሳቸውም ልክ እንደ እሷ ያለ ዘንቢል ታቅፈዋል።

"አሰለፈች እባላለሁ" አሏት። "ልጄን ሀብተሚካኤልን ልጠይቅ ነው። አንቺስ ልጄ፣ እዚያ ማን አለሽ?"

ናዕማ ከፊቷ የተቀመጠውን ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ አየት አደረገችው። በሰው ፊት ላፕቶፕ ነው የያዝኩት ልትል አትችልም። "ወንድሜ" አለች።

"አይዞሽ" አሉና እጇን ያዝ አደረጓት። "ያልፋል።"

ናዕማ አፈረች። ወዲያው ረዳቱ መተላለፊያው ተዘጋ ብሎ ሁለቱንም ዘንቢሎች ነጠቀና ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ከተታቸው። እሷም አንገቷ እስኪጣመም ወደ ኋላ እያየች ሄደች። ማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ረዳቱ "እማማ፣ ቶሎ ይውረዱ፣ ትራፊክ አለ" እያለ አንዱን ዘንቢል አውጥቶ አቀበላቸው።

"አንቺ አትወርጂም?" አሉ እማማ አሰለፈች።

"መድኃኒት ልገዛለት ነው፤ እመለሳለሁ።" ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለላት።

ባቡር ጣቢያው ጋ ወርዳ እንደ ልማዷ መዳፏን ከዘንቢሉ ሥር አደረገች። ሞቃት ነበር። ባትሪው የተነቀለ ላፕቶፕ እንዴት ይሞቃል? ዳቦውን አንስታ አየች። ከሥሩ በፎጣ የተጠቀለለ ባለ ክዳን ሰሃን አለ፤ የምስር ወጥ ሽታ አፍንጫዋን መታው።

መጀመሪያ የመጣላት ጽሑፏ ነው። ከዚያ ግን የባሰው መጣ። ላፕቶፑ አሁን ወደ ፍተሻ እየሄደ ነው፤ ስልክ እንኳ በማይገባበት በር፣ በዳቦ ሥር ተደብቆ፣ ምንም በማያውቁ እናት እጅ። ጊዜው ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩን ሲከፍት ግራ ቀኙን የሚቃኝበት ጊዜ ነው። ይህን ማን ላከው፣ ለማን ላከው፣ ውስጡስ ምን አለ ይባላል። ናዕማ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

ባጃጅ ይዛ ተመለሰችና እናቷ ሱቅ ገባች። ሐጀራ ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው።

"ላፕቶፑ ይቅር" አለች በሹክሹክታ። "ከጠየቁሽ ጠፍቶብኝ ነበር ትያለሽ። ላፕቶፕ ይተካል፤ አንቺን ከዚያ በር ውስጥ የማወጣበት ጉልበት የለኝም።"

"እማማ አሰለፈችስ?"

"እሳቸው አሮጊት ናቸው፤ ምን ይሏቸዋል?" አለች ሐጀራ። ይህን ስትል ግን ዓይኗን ከልጇ አሸሸች።

ናዕማ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ከሚገባው በላይ ቆየች። ጭኗ ላይ ያለው ዘንቢል ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰማታል። በመጨረሻ ተነሳች። እናቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት፤ ናዕማ የእናቷን ጣቶች አላቃ ዘንቢሉን ይዛ ወጣች።

ስትደርስ ላፕቶፑ ፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ራቁቱን ተጋድሟል። ፎጣው፣ ፌስታሉና ሻርፑ ከጎኑ ተከምረዋል። እማማ አሰለፈች የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆመዋል።

"እማማ፣ ደግሜ ልጠይቅዎት" አለች ፈታሿ ፖሊስ። "ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ምን እንደሆነ ያውቁታል?"

እማማ አሰለፈች ዕቃውን ትክ ብለው አዩት። "የኔ ነው አልኩሽ፣ ልጄ።"

ናዕማ ከሰልፉ ዳር ቆማ ሰማች። እዚያ የሚያውቃት የለም፤ ዞር ብትል ማንም አይጠራትም። እግሯም ዞር በይ ዞር በይ ይላታል። "የኔ ነው" አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"ባለቤቱ በዛ" አለች ፖሊሷ። "በዳቦ ሥር ለምን ተደበቀ?"

"ሌባ ፈርቼ።"

"ሌባ ፈርተሽ እስር ቤት ላክሽው?"

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቅ ሊል ጀምሮ ዋጠው። ናዕማ የዘንቢሉን ነገር እየተንተባተበች አስረዳች። ፖሊሷ አብሪው ስትላት ባትሪውን ከእጅ ቦርሳዋ አወጣች፤ አልገባ ብሎ አስቸገራት። በመጨረሻ ቀጭ አለ። ስክሪኑ በራ፤ ናዕማና ሐጀራ በዘንቢል ክምር መካከል ሆነው የተነሱት ፎቶ መጣ። ፖሊሷ ፎቶውን፣ ናዕማን፣ ማዶ ያለውን ሱቅ ተራ በተራ አየች።

"እርስዎ ታዲያ ለምን የኔ ነው አሉ?" አለቻቸው።

እማማ አሰለፈች ናዕማን እያዩ ተናገሩ። "ዘንቢሉ ሲፈታ የታክሲዋ ልጅ ዕቃ ነው አልኩ። ለወንድሟ ደብቃ የላከችለት መሰለኝ። ልጅ ናት፣ ወንድሟም እዚያ ውስጥ ነው፤ ነገሩ በሁለቱም ላይ እንዳይጠና ብዬ ነው። እኔማ ያረጀሁ ነኝ።"

"የትኛው ወንድሟ?" የፖሊሷ እጅ ተመልሶ ላፕቶፑ ላይ አረፈ።

"ወንድም የለኝም" አለች ናዕማ። "ታክሲ ውስጥ ዋሽቻቸው ነው።"

ፖሊሷ የናዕማን መታወቂያ ተቀብላ ከላፕቶፑ ጋር ይዛ ወደ ቢሮ ገባች። በሩ ተዘጋ። ናዕማና እማማ አሰለፈች ጎን ለጎን ቆሙ። ናዕማ ስለ ጽሑፏ ለማሰብ ሞከረች፤ የሚታያት ግን የተዘጋው በር ብቻ ነበር። ፖሊሷ ስትመለስ ላፕቶፑን አቀበለቻትና "ሁለተኛ ከስንቅ ጋር እንዳላየው" አለቻት።

ሰሃኑም ተራውን ጠብቆ ተፈተሸ። ናዕማ ዘንቢሉን አንስታ ለእማማ አሰለፈች ዘረጋችላቸው።

"ቀዘቀዘ እንዴ?" አሉ።

ገና ሙቅ ነው ልትል አፏን ከፈተች። "ቀዝቅዟል፣ እማማ።"

ዘንቢሉን ተቀበሏት። "ይሁን፣ ቀዝቃዛም ይበላል" አሉ። ጥቂት እንደተራመዱ ዞር ብለው አዩዋት። "ወንድም ስለሌለሽ ተመስገን በይ" አሏትና ገቡ።