የታረመው የይለፍ ቃል

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ወጣ። እሱ ጡረታ ቢወጣም ቀይ እስክሪብቶው አልወጣም፤ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ሳይቀር ቆሞ ያርማል። “አባዬ፣ ሰው እያየን ነው” ስለው፣ “ይየን፣ እግረ መንገዱን ይማር” ይለኛል።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍሉን ዘግቶ ብሎክቼይን የሚሉትን ነገር ያመጣ ጊዜ አዳራሽ ሰብስበው አስረዱን። የበሽተኛው መዝገብ እንደ ሰንሰለት እርስ በርሱ ተያይዞ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አይሰርዘው፣ ማንም አይሰርቀው። የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ በሚሰጡት ዐሥራ ሁለት ቃላት። ቃላቱ ደግሞ በራሳችን ቋንቋ ናቸው ተባለና ተጨበጨበ። የድሮው ካርድ ሁሉ ወደ አዲሱ መዝገብ ተገልብጦ ተቃጠለ። እሰይ አልን፤ ምን እናውቃለን!

አባቴ ቃላቱ የታተሙባትን ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን ቤቱን በጩኸት አናወጠው። “ሕፃንን በሃሌታው ሀ! ዓሣን በእሳቱ ሰ! እነዚህ ናቸው ጤናዬን የሚጠብቁልኝ?” ቁጭ ብሎ ሁሉንም አርሞ በንጹሕ ወረቀት ገለበጠ፤ የእነሱን ብጥስጥስ አድርጎ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ።

ከወራት በኋላ እግሩ ላይ የነበረች ቁስል አመርቅዛ ደሙን መረዘችው። ድንገተኛ ክፍል ሳደርሰው ገላው እንደ እሳት ይፋጃል። ሐኪሟ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

“ሁለት መድኃኒት አለኝ። ከዚህ በፊት ያልተስማማቸው መድኃኒት አለ?”

አለ እንጂ! እዚሁ ሆስፒታል መርፌ ተወግቶ ጉሮሮው አብጦ፣ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። የመድኃኒቱን ስም የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷም ይዛው መቃብር ወረደች። “መዝገቡ ላይ አለ፣ ቶሎ ክፈቱልኝ” አልኳት።

ወረቀቱን ከመነጽሩ ማኅደር አውጥቼ ለኮምፒውተሩ ሰው ሰጠሁት። ቃላቱን አንድ በአንድ ጻፋቸው። መዝገቡ አልከፈት አለ። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

“ይሄ እኮ የእኛ ወረቀት አይደለም።”

“ገልብጦት ነው። ፊደሉን አርሞ።”

“አርሞ?” ፊቱ አመድ መሰለ።

ለካ ቃላቱን የለቀሙት ከየድረ ገጹ ነው፤ ማንም እንዳሻው የጻፈውን ሁሉ ሰብስበው። ከአባቴ ቃላት አንዷ የሆነችው ፀሐይ ብቻዋን በአራት ዓይነት አጻጻፍ ገብታለች፣ እያንዳንዷም እንደ ሌላ ቃል ተቆጥራ። ለዓለም ሁሉ አንዲት የበቃች ፀሐይ እነሱ ዘንድ አራት ሆነች! ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ደግሞ እስከ ነገ ይቆለፋል። አንዱ አልቋል።

“አለቃህ አይከፍተውም?”

“እሱም አይችልም። ማንም እንዳይችል ተደርጎ ነው የተሠራው።” ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ሰማሁ። በጥፊ ላጠናግረው ምንም አልቀረኝም።

የሕፃንንና የዓሣን ስህተት ያን ቀን ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ የቀሩትን ግን አላውቅም። አባቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩ። “አባዬ፣ ፀሐይን እንዴት አድርገው ነበር የጻፉት?”

ዓይኑን ገለጥ አደረገ። “በፀሐዩ ፀ... በሐመሩ ሐ።”

“ትክክለኛውን አይደለም! የእነሱን ስህተት ንገረኝ፣ በሞቴ!”

“ስህተት ምን ያደርግልሻል?” አለኝ፤ ከንፈሩ ደርቋል። “ስህተቱንማ አረምኩት።”

ተናደድኩበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሚሞት አባቴ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ገምተን ጻፍን፤ እምቢ አለ። ደግመን ገመትን፤ ተቆለፈ።

ሐኪሟ እስከ ነገ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። “ዝም ብዬ ባያቸውም ይሞታሉ” አለችኝና፣ ለብዙ ሰው የሚስማማውን መረጠች። አልፈርድባትም። መርፌው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮው ያፏጭ ጀመር። ያላቸውን ሁሉ ሞከሩለት። እጄን እንደጨበጠ ጣቶቹ ላሉብኝ።

አስከሬኑን የማወጣበትን ፈቃድ ልቀበል ስገባ የኮምፒውተሩ ሰው ከመቀመጫው ተነሣልኝ።

“ነፍስ ይማር። የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማቸው መዝገባቸው ላይ አስገብተነዋል። ከእንግዲህ አይጠፋም” አለኝ፣ ማጽናናቱ መስሎት።

“ተከፈተ እንዴ?”

“ለመጻፍ እኮ መክፈት አያስፈልግም። ቃላቱ የሚያስፈልጉት ለማንበብ ነው።”

“ታዲያ ማን ሊያነበው ጻፋችሁት?”

“ባለቤቱ ብቻ...” አለና፣ ያለውን ራሱ ሲሰማው አፉን ያዘ።