ባለጎማው ትርፍ ቤት

ተገኝ ከባሕር ማዶ ቤት ገዝቶ እየነዳ ጂንካ ገባ የተባለ ዕለት፣ እህቱ ጤናዬ ገበያ ቁጭ ብላ ቅቤ ትሸጥ ነበር።

«ቤት ይነዳል እንዴ? በግ መሰለሽ?» አለቻት ወሬውን ያመጣችላትን ፋጢማን።

ፋጢማ ከጎኗ ሱቅ ያላት፣ ወሬ አፏ ውስጥ የማያድር ሴት ናት። «ወላሂ ቤት ነው! መስኮት አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ጎማ። አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ቆሟል፣ ሂጂና እይ!»

ጤናዬ ቅቤዋን ለፋጢማ ጥላላት ሮጠች። የሮጠችው ለቤቱ ብላ አይደለም፣ ቤትማ አላት። ለወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ተገኝ ገና ወተት ወተት የሚሸት ልጅ ነበር። አዝላ ገበያ ወጥታ፣ አዝላ እንጨት ለቅማ ያሳደገችው እሷ ናት። ባል ሲመጣላት «ልጁንስ ለማን ጥዬ?» እያለች መልሳለች። አድጎ መርከበኛ እሆናለሁ ብሎ አሰብ ሲወርድም ስንቁን የቋጠረችው፣ ከዚያም መንገድ መንገድ ስታይ የኖረችው እሷው ናት።

ስትደርስ ሰዉ ከቦታል። ነጭ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አውቶቡስ ይሁን ጎጆ ያልለየለት ነገር ሳሩ ላይ ቆሟል። ተገኝ አይቷት በሰው መሃል ሰንጥቆ መጣና አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

«እታለም! እታለምዬ!»

እሷም አለቀሰች። እንባዋን ሳትጠርግ የዚያ ነገር በር ተከፈተና ቀጭን፣ ጠይም ሴት ወረደች።

«ዘሪቱ ትባላለች» አለ ተገኝ እየተሽኮረመመ። «ባለቤቴ ናት። ስመጣ አርባ ምንጭ ላይ ተጋባን። የዚሁ የአሪ ልጅ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት።»

የጤናዬ እንባ ጉንጯ ላይ ደረቀ። ዘሪቱ ጎንበስ ብላ ሳመቻትና «እንደምን ከረሙ እትዬ ጤናዬ? ተገኝ እንደሆን ወሬው ሁሉ እታለም፣ እታለም ነው» አለች።

«ታዲያ ሠርጉ ዕለት እታለም ከአፉ ላይ ወደቀችበት?»

ሰዉ ሳቀ። ተገኝ አንገቱን ደፋ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ «ስጦታ አምጥቼልሻለሁ» አለና ገብቶ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ደህና ጃንጥላ ነው፤ እጀታው የተጠማዘዘ፣ ሲጫኑት በራሱ የሚከፈት። ጤናዬ ተቀበለች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ለፋጢማ ያለችውን ጂንካ ሁሉ ሰምቶታል። «ለእሷ ቤት፣ ለእኔ ጃንጥላ!»

ተገኝ ቤቱን እንዴት እንዳገኘው ለጠየቀው ሁሉ ሳይሰለች ያወራል። ጀርመን አገር፣ ሐምቡርግ ወደብ ላይ፣ ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው የሸጡለት። ልጆቻቸው ከእንግዲህ አትንዱ ብለዋቸው። የመርከቡ አዛዥ ወዳጁ ስለነበር ከመርከቡ ወለል ላይ በሰንሰለት አስሮ አመጣለት። መከራው የጀመረው አሰብ ነው። የጉምሩክ ሰዎች ዙሪያውን ዞሩት። አንዱ «መኪና ነው» ይላል፣ ሌላው ገብቶ ምድጃውን አይቶ «የለም፣ ቤት ነው፣ የቤት ቀረጥ ደግሞ የለንም» ይላል። ፍራሹን አስወርደው ለብቻው፣ ምድጃውን አስወርደው ለብቻው ገመቱት። እነሱ እስኪስማሙ ድረስ ተገኝ በዚያ በአሰብ ሐሩር እዚያው ውስጥ እየተቀቀለ ከረመ። በመጨረሻ «መኪና» ብለው ቀርጠው ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ነው። የወይጦን ወንዝ ተሻግሮ ቀይ አፈር ከተማ ሊገባ ሲል ጭቃ ያዘው፣ የጥጥ ጭነት መኪና ጎትቶ አወጣው።

«ይህን ሁሉ ለምን?» አለው አንዱ።

«በመርከብ ስኖር የምተኛው እንደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ነበር» አለ ተገኝ። «የራሴ የሆነ፣ የምሄድበት የሚሄድ ቤት አማረኝ።»

ጤናዬ ይህን ሰማች። የአባቷ ቤትስ? ግድግዳውን በየዓመቱ በእጇ እየመረገች ያቆየችው፣ አዋጅ ወጥቶ ቤት ሲመዘገብ «በወንድሜ ስም ይሁን፣ ሲመለስ ቤት የለሽ እንዳይባል» ብላ ያስመዘገበችው ቤትስ?

ሁለቱ እዚያው ባለጎማው ውስጥ አደሩ። በነጋታውም እዚያው። «እዚሁ አጠገብሽ ነን እኮ፣ እታለም» ይላታል ተገኝ። ፋጢማ ገብታ ጎብኝታ ወጣችና ዓይኗ ፈጦ ትዘረዝር ጀመር። «ውኃው ከግድግዳ ይወርዳል! አልጋው ሲታጠፍ ጠረጴዛ ይሆናል!»

«ከተኙበት ላይ ይበላሉ በይኛ። ጉድ ነው!»

«አንቺም ግቢና እዪ እንጂ። ዘሪቱ ጠርታሻለች።»

«ወንድሜ ቤት ጥሪ ጠብቄ ነው የምገባው?»

አልገባችም። ግን ቅቤዋን የምትሸጥበትን ቦታ ለወጠች፣ ያ ነጭ ነገር ከሚታይበት ተቀመጠች። ዘሪቱ በሩ ላይ ተቀምጣ በስፌት መኪናዋ ስትሰፋ፣ ተገኝ ከሥሯ ሆኖ ክር ሲሰካላት ታያለች። ያ እጅ፣ እሷ ጥፍሩን እየቆረጠች ያሳደገችው እጅ፣ ለሌላ ሴት ክር ይሰካል!

አንድ ቅዳሜ ተገኝ ራሱ መጣ። «እታለም፣ ሰኞ ወደ ዲመካ እንሄዳለን። ዘሪቱ በየገበያው እየዞረች ትሰፋለች፣ እኔ እነዳለሁ። ከዲመካ ኦሞራቴ እንወርዳለን።»

«ስትመለሱስ?»

«እንጃ። ሥራው ይወስነዋል።»

እንጃ! ከባሕር አምልጦ የመጣ ልጅ አሁን ደግሞ በጎማ ሊሄድባት ነው። ጤናዬ ቅቤዋን ሸፍና ቀጥ ብላ ወደ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ሻንቆ ልጅ ሳለ ከጤናዬ ማንጎ ላይ አውርዳ የገረፈችው ነው።

«አንተ ሻንቆ!»

«እትዬ ጤናዬ፣ እዚህ እንኳ ጓድ በይኝ።»

«እሺ ጓድ። አዋጁ ለአንድ ባለቤት ስንት ቤት ይፈቅዳል?»

«አንድ። ትርፉ የመንግሥት ነው።»

«ታዲያ የወንድሜ ቤት የአባቱ ቤት አይደለም? በስሙ አልተመዘገበም? አውሮፕላን ማረፊያው ዳር የቆመውስ ምንድን ነው? ወይስ ዓይናችሁ የሚያየው የድሃ ጭቃ ቤት ብቻ ነው?»

«እሱ እኮ መኪና ነው።»

«መኪና ውስጥ ወጥ ይሠራል? መኪና መጋረጃ ይሰቅላል?»

ሻንቆ አገጩን አሸ። ያን ቤት እሱም በመስኮት አጮልቆ አይቶታል፣ ወዶታልም። እሑድ ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ሞላ። ተገኝ ተነሥቶ «አሰብ መኪና ብለው ቀርጠውኛል» ብሎ ተከራከረ።

«አሰብ ያለው ጉምሩክ ነው፣ እዚህ ያለው ቀበሌ ነው» አለ ሻንቆ። «ገብቶ ያየው ማነው?»

ፋጢማ ዘላ ተነሣች። «እኔ! አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው!»

«ሽንት ቤት?» አዳራሹ አጉረመረመ። «ሽንት ቤት ካለውማ ቤት ነው!» አለ አንድ ሽማግሌ። «የእኔ ቤት እንኳ የለውም።»

በዚህ አለቀ። ቤት ነው ተባለ። ሻንቆ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከሰፊው ሕዝብ በደረሰን ጥቆማ መሠረት...»

አንገት ሁሉ ወደ ጤናዬ ዞረ። ብድግ አለች። «አዎን፣ እኔ ነኝ የጠቆምኩት! ምን ታፈጣላችሁ?»

ተገኝ አያት። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ የሚያያት ግን እንደማያውቃት ሰው ነው።

«... ጓድ ተገኝ ሁለት ቤት አለው» ቀጠለ ሻንቆ። «አዋጁ እንደሚለው ባለቤቱ የሚኖርበትን መርጦ ይይዛል። የቀረው ይወሰዳል።»

ይመርጣል? ጤናዬ ትርፉ ያው ባለጎማው መስሏት ነበር እንጂ! የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ያን ከመረጠ የሚወሰደው እሷ የምትኖርበት ነው፣ ግድግዳው፣ ማንጎው፣ ሁሉም።

«የቱን ትመርጣለህ?»

ተገኝ አንዴ እህቱን፣ አንዴ ዘሪቱን አየ። ጤናዬ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም። «የእህቴን ቤት» ለማለት ይህን ያህል ማሰብ ያስፈልጋል?

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ በመጨረሻ፣ «ከባለቤቴ ጋር ልማከር።»

ተያይዘው ወጡ። ጤናዬ ቁጭ አለች። ፋጢማ ጠጋ ብላ «አይዞሽ፣ ጃንጥላው አለልሽ» አለቻት። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ጥፊ ነበር መልሱ።

ሲመለሱ ተገኝ ዓይኑ ቀልቷል። የተናገረችው ዘሪቱ ናት።

«ባለጎማውን ውሰዱት። እትዬ ጤናዬ ሜዳ ላይ አይወድቁም። እኛም ከእሳቸው ጋር እንገባለን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። «የጨዋ ልጅ!» ተባለላት። ጤናዬ ቤቷ ተረፈላት፣ ወንድሟ ቀረላት፣ ያ ነጭ ነገር ተወሰደላት፤ የፈለገችው ሁሉ ሆነ። ያን ቃል ከወንድሟ አፍ ሰምታው ቢሆን እልልታዋ ዲመካ ይሰማ ነበር። ከዚያች ልጅ እጅ ግን እንደ ምጽዋት ተሰጣት፣ ምጽዋት ደግሞ ጤናዬ በዕድሜዋ ተቀብላ አታውቅም።

«ማን ለመነሽ?» አለቻት በር ላይ ጠብቃ።

«ማንም አልለመነኝም» አለች ዘሪቱ። «ልብስ መስፋት የትም ይቻላል። እሱ ግን እርስዎን ሜዳ ጥሎ ቢሄድ ከእኔ ጋርም አይኖርም ነበር።»

ጤናዬ እውነቱን በመናገሯ ይበልጥ ጠላቻት።

ከሰዓት በኋላ ሻንቆ ባለጎማውን ራሱ ነድቶ የቀበሌው ደጅ አቆመው። እነ ተገኝ ዕቃቸውን ተሸክመው መጡ። ዘሪቱ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ደፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይህን የት ላስቀምጠው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ቤቱ የባልሽ አይደል? ጭንቅላቴ ላይ አስቀምጪው።»

ዘሪቱ ፈገግ ብላ የቅቤ ቅሎቹን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አደረገችና መስኮቱ ሥር አኖረችው። ብርሃን ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፣ ጤናዬም ታውቃለች። ተገኝ እህቱን ሳያናግር አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ተከተለችው። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ጀርባ ዘሪቱ ቀስ ብላ አንድ ነገር ስትለው፣ ያ ቀኑን ሙሉ የተኮማተረ ልጅ ሲስቅ ተሰማ።

ጤናዬ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሳቁን ሰማች። እስኪያልቅ መታገሥ አልቻለችም።

«ተገኝ!»

ሳቁ ቆመ። «አቤት፣ እታለም።»

«ና ይህን እንስራ አንሣልኝ። ወገቤን ይዞኛል።»

መጋረጃው ተገለጠ። የጠራችው አንድ ነው፣ የመጡት ሁለት ናቸው። ግራና ቀኝ ይዘው እንስራውን አነሡት።

«ቀስ በሉ!» አለች ጤናዬ። «ትሰብሩታላችሁ።»