አፈር ስሆን

በሣልስቱ ጠዋት ማናለብሽ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ነገር ለአምስተኛ ለቀስተኛ እየነገረች ነበር።

«ክረምቱን ሙሉ ሲለምነኝ ኖሮ ሞተ። ‹አፈር… አፈር…› ይለኛል። ‹አፈር ስሆን› ሊል ነው፤ ምላሱ እንቢ ብሎት። ውኃ ብሰጠው አይሆን፣ አጥሚት ባቀርብለት አይሆን። ምን እንደፈለገ ሳላውቅለት ሄደ።»

«ተይ እንጂ፣ ጽኚ» አለቻት ጎረቤቷ ሙሉነሽ። ምኑን ትጽና! የአባቱን የመጨረሻ ልመና ያልሰማ ልጅ ምን ጆሮ አለው?

አባቷ ዓለምነው፣ እንጅባራ ውስጥ ዛፍ የታመመበት ሁሉ የሚጠራው ሰው ነበር። ቅርፊቱን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ሥሩ ዙሪያ ያለውን አፈር ያሸታል፣ ከዚያ ባለቤቱን ይቆጣል። «ዛፉስ ደኅና ነው፤ የታመምህ አንተ ነህ!» ማንም አይቀየመውም፤ ዛፉ ይድናላ። በራሱ ግቢ ግን ከሁሉ የሚሳሳላት ቅርንጫፏን በሌላ ግንድ ላይ ቀጥሎ በእጁ ያዳቀላት አንዲት ፖም ነበረች። ሰኔ ላይ ግማሽ አካሉ ሽባ ሲሆን፣ ማናለብሽ ከዳንግላ ሥራዋን ትታ ልታስታምመው መጣች።

ረፋድ ላይ አያ ደሴ ደረሱ፤ ከአባቷ ጋር ግቢ ለግቢ ሲዞሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ዓይናቸው ፖሟ ላይ አረፈ። ቅጠሏ ጠውልጎ ረግፏል።

«ይህን አፈር ማን ከመረባት?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ደሴ። እንደመጣሁ ቅጠሏ ገርጥቶ ባየው አሳዘነችኝ። ይበረታላታል ብዬ…»

«አንገቷን ቀበርሽው እኮ! የተዳቀለችበት ቦታ አፈር ከለበሰ ይበሰብሳል። አባትሽ አላየሽም?»

ማናለብሽ ወደ ቤቱ ዞረች። አልጋው መስኮቱ ሥር ነበር። አፈሩን ስትከምር አይቷታል፤ «አፈር» ማለት የጀመረውም በማግስቱ ነው። ደኅነኛ እጁን ወደ ውጭ ሲዘረጋ፣ ይበርደዋል ብላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትመልስበት ነበር።

«ለካ አልለመነኝም» አለች። «ሲቆጣኝ ነው የኖረ።»

ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ትዝቅ ጀመር። አንገቱ ሲገለጥ ቅርፊቱ ረጥቦ በጣቷ ተላጠ። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው ዙሪያውን በጥፍራቸው ፋቁት። አረንጓዴ የለም።

«በቃ ልጄ፣ ብስባሱ ዙሪያዋን በልቷታል። አትድንም። ተነሺ፣ ሰው እየመጣ ነው።»

ማናለብሽ አልተነሳችም።

«እሺ፣ አባዬ» አለች፤ የቀረውንም አፈር በእፍኟ እየዘገነች ከግንዱ ታርቅ ጀመር።