ከድልድዩ ሆድ የመጣ መልስ

ድልድዩ ሆዱ ባዶ ነው። ከመኪናው መንገድ በታች፣ በጠባብ የብረት በር ጎንበስ ብለው የሚገቡበት የኮንክሪት ዋሻ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። መሐንዲሷ ባትሪዋን አብርታ ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳች ትሄዳለች። የሥራ ጓደኛዋ፣ ድምፅ ለይቶ በማወቅ «ጆሮው» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ በሌላኛው ጫፍ ገብተዋል። ውስጡ ስለሚያስተጋባ አይነጋገሩም። አንዱ አንዴ ሲመታ ሌላው አንዴ ይመልሳል፤ «አለሁ» ማለት ነው።

መታች። ጣ! የሚል መልስ መጣላት።

ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ ስንጥቅ የለ፣ እርጥበት የለ። ደግማ መታች። ቆየት ብሎ መልስ መጣ። ቀጥሎ ግን ሳትመታ መጣ።

«እኚህ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ቀልድ አማራቸው» ብላ ፈገግ አለች።

ጣ! አሁን ጆሮዋ ሥር ነበር። ባትሪዋን አዞረች። ማንም የለም።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ተጣድፋ በበሩ ወጣች። ጆሮው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«ጋሼ፣ መቼ ወጡ?»

«እኔማ ገና ስትጀምሪ ሆዴን ቆርጦኝ ወጣሁ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ታዲያ ማን ነው ሲመልስልኝ የነበረው?»

ሽማግሌው ብርቱካኑን አስቀመጡ። ድልድዩን ወጥሮ የያዘው ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ገመድ ነው። ዝገት ውስጥ ውስጡን ሲበላው ሽቦው አንድ በአንድ ጣ! እያለ ይበጠሳል፤ ላይ ላዩን ምንም አይታይም። ሁለቱም ያውቁታል።

አለቃዋ ጋ ደውላ መንገዱ እንዲዘጋ ጠየቀች።

«ምን አየሽ?»

«ምንም። ሰማሁ እንጂ።»

«በሰማሁ መንገድ አይዘጋም። በሚቀጥለው ሳምንት መሣሪያ ይዘን እንመጣለን።»

ሳምንት! ታናሽ ወንድሟ አውቶቡስ እየነዳ በዚሁ ድልድይ ይመላለሳል። ይኸው፣ ጢም ብሎ የሞላው አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሮጣ ድልድዩ መግቢያ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«እትዬ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ ደግሞ?» አለ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«አታልፍም።»

«ኧረ ተይ! ሰው ሥራ ይረፍድበታል።»

«ገጭተሃት እለፍ!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

«ሞተሩን አጥፋና ስማ።»

አጠፋው። ሰዉ ሲያጉረመርም ቆየና ዝም አለ። ድልድዩ ላይ ድመት እንኳ የለችም፤ ነፋስም የለም።

ጣ!

ትንሽ ቆይቶ፣ ጣ! ጣ!

«ውስጡ ሰው አለ?» አላት ወንድሟ በሹክሹክታ።

«የለም።»

ሞተሩን አስነስቶ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። መዞሪያ ቦታ ነበረው፤ አላዞረም። አዙር ያለውም የለም። ለድልድዩ ጀርባውን መስጠት የፈለገ አልነበረም።